ጥቅሱን ከመሳቢያው ውስጥ ለጠፍኩት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሱፐርቫይዘር ነኝ። በእኔ መስመር 32 ኦፕሬተሮች አሉ፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። ቤቴ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ እይዛለሁ። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ልጨርስ ብዬ ፕሮግራም አውጥቻለሁ፤ በመንገድ ላይ በስልኬ ሦስት አራት ምዕራፍ አነባለሁ። ረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ግን ያነበብኩት ሁሉ ከውስጤ ተኖ ይጠፋል። የተሰፋውን ብዛት በማርከር የምጽፍበት ሰሌዳ ላይ ቁጥሩ ሲጎድል እጮኻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷን ልጅ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺ ደንቆሮ!» አልኳት፤ አለቀሰች። አጠገቧ ያለችው «መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበው እኮ እሱ ነው» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ስከፍት አፍራለሁ። ንባቤን ልጨምር? ወይስ ከንቱ ድካም ከሆነ ልተወው? ደግሞም ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ሥራ ቦታ ላይ ሃይማኖት ላነሳባቸው አልፈልግም።

መልስ፦ አብሽር ልጄ። ደብዳቤህን አንብቤ እንደጨረስኩ መጀመሪያ ያሰብኩት ያለቀሰችውን ልጅ ነው፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ንባብህን አትጨምር። እንዲያውም ቀንስ። ይህን ስል ከመጽሐፉ እያራቅኩህ አይደለም፤ እኔ ራሴ ያደግኩበትን መንገድ ነው የምነግርህ። ልጅ ሆኜ የተማርኩት መምህር አካለ ወልድ ካስተማሩበት ከቦሩ ሜዳ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው። ፊደል ከለየን በኋላ መጀመሪያ የሚሰጠን የዮሐንስ መልእክት ነበር። ያንኑ ገጽ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያልን ደጋግመን እንወጣዋለን እንወርደዋለን። አንድ ገጽ ላይ አንድ ሳምንት የሚቆይ ልጅ ነበር፤ ሰነፍ የሚለው ግን አልነበረም። የኔታ አይቸኩሉም። ዳዊት ላይ ስንደርስ ቃሉ ከአፋችን አይጠፋም፤ ከብት ስንጠብቅም፣ ውኃ ስንቀዳም እናነበንበው ነበር። በግዕዙ መዝሙር አንድ ላይ «ወዘሕጎ ያነብብ መዓልተ ወሌሊተ» የሚለውን አማርኛው «ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል» አለው። ግዕዙ አፍን ያሠራል፣ አማርኛው ልብን። ሁለቱም ያስፈልጉሃል፤ ሁለቱም ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። አራት ምዕራፍ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቁልቁል እየወረዱ የሚጨረስ ነገር አይደለም። ታነበዋለህ እንጂ አይነካህም።

ይሁን እንጂ በቃል መያዝ ብቻውን እንደማያድን በራሴ አይቻለሁ። ይህን ስጽፍልህ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከ40 ዓመት በላይ ልብስ ሰፍቻለሁ። ወጣት በነበርኩ ጊዜ ቁልፍ የሚተክልልኝና ጠርዝ የሚዘመዝምልኝ አንድ ልጅ ነበረ፤ የምከፍለው በቀን ሒሳብ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ሒሳቡን ልሰጠው ስል ሰኞ ከገበያ የምገዛው ብትን ጨርቅ ትዝ አለኝ። ገንዘቡ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «ሰኞ ና» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። እሑድ ቅዳሴ አስቀደስኩ። ሰኞ ጠዋት ልጁ ከታናሽ እህቱ ጋር መጣ። ልጅቷ ሱቁን እየዞረች ስታይ ቆየችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ቅዳሜና እሑድ የበላነው ጎረቤት የሰጠንን ቆሎ ነው» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ዝናብ ዘንቦ ነበር እንደሚል ሰው ነው የነገረችኝ።

ልጄ፣ ዘዳግም 24ን አላውቀውም እንዳልል አውቀዋለሁ። የቀን ሠራተኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው፣ ድሃ ነውና ነፍሱም በእሷ ላይ ተስፋ ታደርጋለች ይላል። ያዕቆብም በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ ያልተከፈለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። ሁለቱንም አንብቤአለሁ። ግድግዳዬ ላይማ በጥሩ ጽሕፈት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚል ተሰቅሎ ነበር፤ ደንበኛ ሲገባ የሚያየው እሱን ነው። እኔ ስበድል ግን ዓይኔ የነበረው ግድግዳው ላይ አልነበረም፤ መሳቢያው ላይ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ከካርቶን ላይ ትንሽ ቆርጬ «ፀሐይ ሳይገባ» የሚሉ ሁለት ቃላት ጻፍኩና ከመሳቢያው ውስጥ፣ ብሩ ከሚቀመጥበት ሥር ለጠፍኩት። ደንበኛ አያየውም። እኔ ገንዘብ ባስገባሁ፣ ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ካርቶኑ ሲያረጅ እየቀየርኩ ሱቁን እስክዘጋ ድረስ እዚያው ነበረ። ከዚያ ወዲህ «ሰኞ ና» ያልኩት ሠራተኛ የለም። መልካም ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ ቃሉ እጄ ከሚገባበት ቦታ ቀድሞኝ ስለሚጠብቀኝ ነው።

ለአንተ የምመክርህም ይህንኑ ነው። ጠዋት ከምታነበው ውስጥ የምትወድቅበትን ቦታ የምትነካ አንዲት ቃል ፈልግ፤ ከዚያ ያቺን ቃል ወስደህ እዚያው ከምትወድቅበት ቦታ አኑራት። አንተ ደግሞ ቦታህን ራስህ ጽፈህልኛል፤ ሰዓቱንም ጭምር። ረፋዱ 4 ሰዓት፣ የሰሌዳው ፊት፣ ማርከሩን ስታነሳ። ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ቦታ ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል፤ አንተ ግን አውቀኸዋል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በማርከሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልልና ከያዕቆብ 1፥19 «ለመስማት የፈጠነ» የሚለውን ብቻ ጻፍበት። ጥቅሱ ሙሉውን «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቍጣም የዘገየ ይሁን» ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በለው። ቁጣህን ያዝ ብሎ አልጀመረም። ስማ ብሎ ነው የጀመረው።

በእኛ ሙያ መስማት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የስፌት መኪናው ክር ሲበጥስ ወይም ስፌት ሲዘል ጀማሪ ሁሉ የሚወቅሰው የሚሰፋውን ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ግን መርፌው ነው። ጫፉ ትንሽ ታጥፎ ወይም ደንዝዞ ይሆናል፤ ለጨርቁ የማይሆን ቁጥር ገብቶ ይሆናል፤ ክሩ ጠብቆ ይሆናል። ጆሮ ያለው ሰው ከመኪናው ድምፅ ብቻ ያውቀዋል። እንግዲህ ቁጥሩ ጎድሎ ስታገኘው ወደ ልጅቷ ሂድና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ምን ቸገረሽ?» በላት፤ መልሷን እስክትጨርስ ዝም በል። ምናልባት መርፌ ነው። ምናልባት ከፊቷ ያለችው ሥራ እያዘገየችባት ነው። ምናልባት ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣችው፤ ከገጠር መጥተው ለአራት ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች እንዳሉ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ታርጌት ያለብህ መሆኑን አልረሳሁም፤ ከበላይህም የሚጮኽብህ ሰው ይኖራል። ግን መርፌ የታጠፈበት መኪና ብትጮኽበት አይሰፋም።

አሁን ወደ ልጅቷ። «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በ4ኛው ምዕራፍ። እኔን በደመወዝ የያዘችኝ ፀሐይ አንተን በቁጣ ይዛሃለች። ሳምንት አልፏል፣ ብዙ ጊዜ ገብታለች። ስለዚህ ነገ ሳይሆን ይህን ባነበብክበት ቀን ይቅርታ ጠይቃት። የሰደብካት በሁሉም ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሁሉም ፊት ይሁን፤ ለብቻ ጠርተህ በጓዳ አታድርገው። ዘኬዎስን አስበው። ኢያሪኮ ላይ ጌታን በቤቱ ሲቀበል «አዝኛለሁ» ብሎ ብቻ አላቆመም፤ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፣ ያውም ሰው ሁሉ እያጉረመረመበት። ንግግርህ ረጅም አይሁን። «እህቴ፣ የዚያን ዕለት የተናገርኩሽ ስድብ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» በቂ ነው። «ግን አንቺም…» የምትለዋን ከአፍህ እንዳታወጣ። ለዚህ ዳዊት ጥሩ ጸሎት አለው፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ»። ከሥራ ስትወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ሆነህ ልታስበው አትተወው፤ ዶሮ መዝለያ ገደሉ ውስጥ ስትገቡ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ሄዳለች።

ሙስሊም ባልደረቦችህን በተመለከተ ጥንቃቄህን ወድጄዋለሁ። ግን አትፍራ። ከሱቄ ቀጥሎ ብትን ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ጎረቤት ነበሩኝ። ጨርቅ ሲለኩ ወጥረው አይለኩም፤ አላልተው ይዘው መጨረሻ ላይ አንድ ጣት ያህል ይጨምራሉ። አንድ ቀን «ለምን ይከስራሉ?» አልኳቸው። ከሰው ሲሰፈርላቸው ሞልተው ለሚቀበሉ፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን ለሚያጎድሉ ወየውላቸው የሚል በቁርአን 83ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ እንዳለ ነገሩኝ። እኔም በእኛ መጽሐፍ በዘዳግም 25 በከረጢትህ ሁለት ዓይነት ሚዛን አይኑርህ እንደሚል ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው ሁለታችንም አናመልጥም» አሉኝ። ያን ሰሞን ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈውን ቁራጭ መመለስ ጀመርኩ፤ ከዚያ በፊት ትራስ እሰፋበት ነበር። እሳቸው ሰበኩኝ ወይ? አንድም ቀን አልሰበኩኝም። ጨርቁን ሲለኩ አየኋቸው። ሠራተኞችህም ማርከሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልጋቸውም፤ ድምፅህ ሲቀየር ይሰሙታል።

ጠዋት ንባብህን እንዴት ታድርገው? እኔ ዳዊትን እንደ ድሮው በቀን ከፍዬ እደግማለሁ፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ከዚያ አንዳንዱን ቀን እያሳነስኩ ቅዳሜ 150ው ያልቃል፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይሆናል። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ ስላለው ነው፤ አንተን በዚህ አላስጨንቅህም። ከሠላሳው መዝሙር ግን በኪሴ ይዤ የምወጣው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ለምሳሌ ከሰኞው ውስጥ፣ በግዕዙ አቆጣጠር 14ኛው መዝሙር፣ በእግዚአብሔር ድንኳን ማን ያድራል ብሎ ይጠይቅና ቃል ገብቶ የማይከዳውን ሰው ይጠራል። ለልብስ ሰፊ ይህ ከባድ ነው። «ለፋሲካ ይደርሳል» ብለን ስንቱን ልጅ አስለቅሰናል! እሱን ደግሞ የጻፍኩት በልክ ደብተሬ ላይ ነው፤ የቀጠሮውን ቀን ከምጽፍበት ዓምድ አናት። ያን ካየሁ በኋላ «ቅዳሜ» ከማለቴ በፊት በእጄ ያለውን ሥራ መቁጠር ለመድኩ፤ ጥቂት ደንበኞች «ይዘገያል» ስላልኳቸው ወደ ሌላ ሄደውብኛል። ሄደው ይሁን።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ከእኛ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስጻፉት ወንጌል አለ። በአገራችን ገዳማትና አድባራት በእንደዚህ ዓይነቱ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የርስቱ ውል፣ የተሰጠው መሬት፣ የንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር ይጻፍ ነበር። ብራና ስላጠራቸው ብቻ አይመስለኝም። መሬቱን የሚክድ ሰው ወንጌሉን እየገለጠ ይክደው ማለታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን የኑሯቸውን ጉዳይ ወስደው ከቃሉ አጠገብ አስቀመጡት፤ እኔና አንተ ደግሞ ቃሉን ወስደን ከማርከሩና ከመሳቢያው አጠገብ እናስቀምጣለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ብቻህን ነው የምታነበው። ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ልክ እንደ አንተ በመንገድ ላይ፣ በሠረገላው ተቀምጦ ነበር ኢሳይያስን የሚያነበው። ፊልጶስ ቀርቦ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ቢለው አላፈረም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለና ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። አንተም የንስሐ አባትህን ወይም በዕድሜ የሚበልጥህን አንድ ሰው ያዝ፤ የወደቅህበትን ቀን የሚሰማህ ይኑር። በዘዳግም 6 ላይ እግዚአብሔር ስለ ትእዛዙ ለእስራኤል ሲናገር አማርኛው እንዴት እንዳለው አስተውለሃል? «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ተጫወተው! ይህን የተረጎሙ አባቶች ነፍሳቸውን ይማር፤ እኛ ወሎዬዎች ጨዋታ እንዴት እንደምንወድ ያወቁ ይመስለኛል። ቃሉ የጨዋታችን ወሬ ካልሆነ የት ይኖራል? ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ባልደረባ ካለህ ሁለት ምዕራፍ ከምታነብ አንድ ጥቅስ ተጫወቱ።

ስልክህን ስትከፍት የሚሰማህን ኀፍረት አትጥላው፤ ንባቡ አንድ ቦታ ነክቶህ ባይሆን ኖሮ አታፍርም ነበር። ይቅርታውን ከጠየቅካት በኋላ ጻፍልኝ፤ ያለችህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ዕድሜዬ ስድሳ አልፏል፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የምኖረው። ፊደል አልቆጠርኩም። ቅዳሴ አልቀርም፤ ወንጌሉ ሲነበብ ደስ ይለኛል፣ ቤት ስደርስ ግን ይጠፋብኛል። የማያነብ ሰው ቃሉን እንዴት ይይዘዋል?

መልስ፦ እቴ፣ የእኔም እናት ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ ከሰሙት አንዲቱን ለእኛ ይነግሩን ነበር፤ የነገሩን አልጠፋባቸውም። ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ እረኞቹ የተናገሩትን ሁሉ «ማርያም ግን ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» ይላል። እመቤታችን ያንን የያዘችው ከመጽሐፍ ላይ አንብባ አልነበረም፤ ሰምታ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መንገድ ላይ ላገኙት ለመጀመሪያው ሰው የሰሙትን ይንገሩ፤ ሌላ ወሬ ሳይቀድመው። በቤት ደግሞ የቡናው ሰዓት አለልዎት። ልጅዎ አቦሉ ሲቀዳ ጥቂት ቁጥር ታንብብልዎ፤ ቶናው እስኪደርስ እርስዎ በራስዎ አባባል መልሰው ይንገሯት፤ በረካው ላይ ጎረቤቶቹ ምን እንደመሰላቸው ይናገሩ። ልጅዎ እያነበበች እርስዎ ካላዩት ነገር ላይ ትደርሳለች፤ እርስዎም እየተናገሩ እሷ ካልኖረችው ነገር ላይ ያደርሷታል። ከሉቃስ ወንጌል ጀምሩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሰማንያ ቁጥር አለው፤ በአንድ ቡና አያልቅም፣ አትቸኩሉበት። ነገ እመቤታችን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ወደ ተራራማው አገር ከወጣችበት ላይ ብትቆሙ ይበቃችኋል።